ሻምፒዮን በጥቅምት አይታወቅም፦ ለወዳጄ የአስር ጨዋታ ስሌት ምላሽ

ደሴ ላይ ቅርጫት ኳስ የሚከታተል ሰው ብዙ አይደለም፤ ስለ ቅርጫት ኳስ የሚጽፍ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ አንድ ወዳጄ «ሻምፒዮን በጥቅምት ይታወቃል» ብሎ ስለ ኤንቢኤ፣ ማለትም ስለ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሲያወጣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ደግሜ ሳነበው ቅር አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ያየሁት ሰኞ ገበያ አካባቢ ጸጉሬን ስቆረጥ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ልጅ ጽሑፉን ስልኩ ላይ ከፍቶ መስታወቱ ሥር አስደግፎታል፤ ከጎኑ የተቆረጠ የቤቲንግ ቲኬት አለ። «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ዝም ብሎ አይደለም፣ በቁጥር ነው የሚያወራው» አለኝ። ምላጩ አንገቴ ላይ ስለነበር መከራከር አልቻልኩም፤ ክርክሩን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ጽሑፉን ላላገኘ ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ሁለት ተቀናቃኝ ቡድኖችን ለማወዳደር የውድድር ዘመኑ የመጀመሪያ አስር ጨዋታዎች ይበቃሉ ይላል ወዳጄ። ማየት ያለብን ደግሞ አምስት ነገር ነው፦ ስንት እንዳሸነፉ፣ በጨዋታ በአማካይ ስንት ነጥብ እንዳስቆጠሩ፣ ተጋጣሚዎቻቸው ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ከወረወሩት ስንት በመቶውን እንዳገቡባቸው፣ በጠባብ ልዩነት ስንቱን እንዳሸነፉ፣ እና እርስ በርስ ሲገናኙ ማን እንደረታ። በእነዚህ የበለጠው በሰኔም ይበልጣል። ዋና ማሳያው የቦስተን ሴልቲክስና የኒውዮርክ ኒክስ የ2024–25 የውድድር ዘመን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወራቱን ግን በእኛው እጠራቸዋለሁ።) በዚያ ዓመት ኒክስ ሴልቲክስን ከፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ካለው፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ከሚያልፍበት ጥሎ ማለፍ) ማስወጣቱን ወዳጄ አልካደም። የሴልቲክሱን ኮከብ ጄሰን ቴተምን አንስቶ «የቴተም ጉዳት ያመጣው ነው፤ ስሌቱ ትክክል ነበር» ብሎ አልፎታል። እዚህኛው ላይ በኋላ እመለስበታለሁ።

«አስር ጨዋታ ይበቃል» ለሚለው ሁለት ምስክር ጠርቷል። ጎልደን ስቴት ዋሪየርስ በ2015–16 ሃያ አራት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ጀመረ፤ ክሊቭላንድ ካቫሊየርስ በ2024–25 አስራ አምስት። ሁለቱም እውነት ነው። ወዳጄ ያልጻፈው የቀረውን ነው። ዋሪየርስ 73 አሸንፎ 9 ብቻ ተሸንፎ መደበኛውን ውድድር ጨረሰ፣ በፍጻሜው 3 ለ 1 እየመራ በክሊቭላንድ 4 ለ 3 ተረታ። አስራ አምስቱን ያሸነፈው ክሊቭላንድ ደግሞ 64 ድል ይዞ ገብቶ በፕሌይኦፉ ሁለተኛ ዙር በኢንዲያና ፔሰርስ 4 ለ 1 ተሰናበተ። ያ ኢንዲያና ከመጀመሪያዎቹ 25 ጨዋታዎች 10 ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር! እርሱ ነው እስከ ፍጻሜው ሰባተኛ ጨዋታ የዘለቀው። የወዳጄ ምስክሮች ችሎት ገብተው በራሱ ላይ መሰከሩ።

አስር ጨዋታ አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር ከሚጫወተው 82 ምን ያህል ነው? አስራ ሁለት በመቶ። ለእግር ኳስ ተመልካች በሚገባ ቋንቋ፣ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በአራትና በአምስት ጨዋታ መፍረድ ማለት ነው። በአምስተኛው ሳምንት አርሰናል ዋንጫውን ወሰደ ብሎ የሚጨፍር ሰው ሰፈራችን አይጠፋም፤ በሚያዝያ ግን ያው ሰውዬ መንገድ ይቀይራል።

ለዚህ ነጥብ ከሌላው የበለጠ ጊዜ ሰጥቻለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። ባለፈው እሁድ ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን አንድ ነገር ሞከርን። ደብተር አወጣን፣ ሰላሳ ቡድን ጻፍን፣ ኤንቢኤ ሰላሳ ቡድን ስላለው። ስሙን ያወጣው ልጁ ነው፦ ሆጤ፣ ሙጋድ፣ መናፈሻ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ገበያ… የደሴ ሰፈር አልበቃ ሲለው ኮምቦልቻን፣ ሐይቅን፣ ኩታበርን፣ ባቲን፣ ሐርቡን ጨመረ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ሳንቲም አስር ጊዜ ወረወርን። ዘውድ ከሆነ ድል፣ ጎፈር ከሆነ ሽንፈት። ሦስት መቶ ውርወራ ነው፤ ጀበናው ሦስተኛ እስኪደርስ ፈጀ። ልብ በሉ፣ ሳንቲሙ አንድ ነው። ሆጤ ከሙጋድ የሚበልጥበት አንዳች ምክንያት የለም። ስንጨርስ ስድስት ቡድኖች 7 እና ከዚያ በላይ አሸንፈዋል። ሐይቅ 8 ለ 2። ኩታበር በተቃራኒው 2 ለ 8። ልጁ ከልቡ ተናዶ «የኩታበር አሰልጣኝ ይባረር!» አለ። በማግስቱ ደግመን ስንወረውር ሐይቅ 4 ለ 6 ወጣ።

ይህ የእኛ ዕድል ብቻ አይደለም፤ ስሌቱም ይህንኑ ይላል። ሚዛኑን የጠበቀ ሳንቲም አስር ጊዜ ሲወረወር ሊሆን የሚችለው ቅደም ተከተል 1,024 ነው፤ ከዚያ ውስጥ 7 እና ከዚያ በላይ ዘውድ የሚያመጣው 176ቱ ነው። 17 በመቶ ማለት ነው። ከሰላሳ ቡድን አምስቱ በባዶ ዕድል 7 ለ 3 ወይም ከዚያ የተሻለ ሆነው ይታያሉ፤ አምስቱ ደግሞ 3 ለ 7 ወይም የባሰ። የኤንቢኤ ቡድኖች እንደ ሳንቲሙ እኩል አይደሉም፤ ጎበዙ ጎበዝ ነው፣ ደካማውም ደካማ። ግን በአስር ጨዋታ ሰንጠረዥ ላይ የትኛው ሐይቅ፣ የትኛው እውነተኛ ጎበዝ እንደሆነ በድሉ ብዛት ብቻ መለየት አይቻልም። ወዳጄ 7 ለ 3 የሆነውንና 5 ለ 5 የሆነውን አስቀምጦ «ልዩነቱ ግልጽ ነው» ይላል። ሁለት ጨዋታ እኮ ነው ልዩነቱ! አንዱ በመጨረሻው ሰከንድ የገባ ኳስ ሊሆን ይችላል።

ሳንቲሙን ለናቀ ደግሞ የ2022–23ን ታሪክ ልንገር። ዩታ ጃዝ ሁለት ኮከቦቹን ሩዲ ጎበርንና ዶኖቫን ሚቸልን ሽጦ ሲጀምር ማንም ከቁብ አልቆጠረውም፤ እርሱ ግን 10 አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ። ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሌብሮን ጄምስን ይዞ 2 ለ 10 ነበር። በወዳጄ ሚዛን ነገሩ በጥቅምትና በኅዳር አለቀ። ሲያልቅ ዩታ 37 አሸንፎ 45 ተሸነፈ፣ ፕሌይኦፍም አልገባ። ሌከርስ 43 ለ 39 ጨርሶ የምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ደረሰ። በመሀል ምን ሆነ? በተጫዋቾች ዝውውር መዝጊያ ሰሞን ዩታ ራሱ ማሊክ ቢዝሊንና ጃሬድ ቫንደርቢልትን ለሌከርስ አሳልፎ ሰጠ። 10 ለ 3 ያደረጉት ሰዎች ሄደው 2 ለ 10 የነበረውን ቡድን አገዙ ማለት ነው። የጥቅምት ሰንጠረዥ የቆጠረው በኋላ ሌላ ማልያ የሚለብሱ ሰዎችን ነው። ይህንን የትኛውም ስሌት ሊያውቅ አይችልም፤ የእኔም።

የእኔ ስሌት ካልኩ አይቀር ልናገረው፤ ቀላል ነው። የማንኛውንም ቡድን የመጀመሪያ ሳምንታት ውጤት ሳይ በሐሳቤ 6 ድልና 6 ሽንፈት እጨምርበታለሁ። 8 ለ 2 የነበረው 14 ለ 8 ይሆንና ለዓመቱ ሲሰላ 52 ድል ይመጣል፤ የወዳጄ ስሌት ግን 66 ሊለው ነው። ጨዋታው ሲበዛ የጨመርኩት 6 ለ 6 ክብደቱ እየቀለለ ይሄዳል። ዩታን በዚህም ስቼዋለሁ፣ ሌከርስንም። ግን እንደ ወዳጄ አልራቅኩም።

ይህንን የምለው ቁጥር ጠልቼ አይደለም። አስራ አንድ ጊዜ በአሰልጣኝነት ሻምፒዮን የሆነው ፊል ጃክሰን እንኳ ለዋንጫ የሚታሰበው ቡድን 20 ከመሸነፉ በፊት 40 ያሸነፈ ነው ይል ነበር። ወደ ስልሳ ጨዋታ ጠብቆ ነው ሰውዬው አፉን የሚከፍተው፤ እርሱም ቢሆን አልፎ አልፎ ያመልጠዋል፤ ሂውስተን በ1994–95 47 ለ 35 ሆኖ ዋንጫውን ወስዷል። ወዳጄ በአስር።

ቀጥሎ አማካይ ነጥብ። «በጨዋታ 120 የሚያስቆጥር ቡድን 114 ከሚያስቆጥረው የተሻለ አጥቂ ነው» ይላል። ስንት ጊዜ ኳሱን ይዞ ሄዶ ነው 120 ያስቆጠረው? ለምሳሌ ያህል አንዱ ቡድን በጨዋታ 106 የማጥቃት ዕድል አግኝቶ 120 ቢያገባ፣ ሌላው ረጋ ብሎ በ97 ዕድል 114 ቢያገባ፣ ከመቶ ዕድል ሲሰላ የመጀመሪያው 113፣ ሁለተኛው 117.5 ነው። የሚሮጠው ብዙ አስቆጠረ እንጂ በደንብ አላጠቃም። የማጥቃት ዕድሉን ለማስላትም ውስብስብ ነገር አያስፈልግም፤ የወረወረውን ብዛት ውሰድ፣ የነጻ ውርወራውን ብዛት በ0.44 አባዝተህ ደምር፣ የተነጠቀውንና ያበላሸውን ኳስ ደምር፣ ራሱ ስቶ ራሱ መልሶ የያዘውን ቀንስ። የስልክ ማስያ ይበቃል።

የወዳጄን ሚዛን ድባቅ የሚመታ ቡድን በታሪክ አለ። ዴንቨር ነጌትስ በ1990–91 በጨዋታ 119.9 ነጥብ በማስቆጠር ከሊጉ አንደኛ ነበር። 20 አሸንፎ 62 ተሸነፈ፣ ምክንያቱም 130.8 ይገባበት ነበር። አሰልጣኙ ፖል ዌስትሄድ ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ላይ ስለሆነች እንግዳውን ቡድን በሩጫ ትንፋሽ አሳጥረን እንጥለዋለን ብሎ ነው ያስሮጣቸው። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ልሳቅ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ከኮምቦልቻ በሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ተሳፍሮ የሚመጣ እንግዳ ቡድን የመጀመሪያው ሩብ ሳያልቅ አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ብዙ ጊዜ አይተናል። ነገር ግን የእኛም ልጆች በሦስተኛው ሩብ አብረው ነው የሚንበረከኩት። ዌስትሄድ ደሴ መጥቶ አንድ ቅዳሜ ቢያይ ኖሮ ያን ዓመት ያተርፍ ነበር።

ስለ ሜዳ ካነሳን፣ ወዳጄ የትኛው ቡድን ከአስሩ ስንቱን ቤቱ እንደተጫወተ አንድም ቦታ አልጻፈም። ይህ ከእርሱ አልጠብቀውም ነበር። በወጣትነታችን አብረን የተጫወትንበት የሲሚንቶ ሜዳ ላይ የጦሳ ተራራ በኩሉ ቀለበት ወደ ግራ ጎብጦ ነበር፤ ሰሌዳውም ከላይ የተሰነጠቀ ጣውላ። ወደዚያ የሚያጠቃ ቡድን ኳሱን በቀኝ በኩል አስመትቶ ካልሆነ አይገባለትም። እኛ እናውቃለን፣ እንግዳው አያውቅም። እጣ ስንጥል ያሸነፈ መጀመሪያ የሚመርጠው ኳስ ሳይሆን ቀለበት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ ከሩቅ መወርወር ዋጋ የለውም፤ ኳሷ እንደ ፌስታል ነው የምትንሳፈፈው። ያኔ ደብተር ይዞ ማን ስንት አገባ እያለ ይመዘግብ የነበረው ማን ሆነና? እርሱው ራሱ። ከቀኑ ጎን «ጠዋት» ወይም «ነፋስ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ለኤንቢኤ ሲሆን ያ ልማድ የት ሄደ? ከአስር ሰባቱን ቤቱ የተጫወተንና ሰባቱን ውጭ የተጓዘን ቡድን ነጠላ ሰንጠረዥ ውስጥ ማስገባት ጠዋቱንና ነፋሱን መደባለቅ ነው።

አሁን ወደ ሦስት ነጥቡ። «ተጋጣሚዎቹ ከሩቅ ሲስቱ የመከላከሉን ጥንካሬ ያሳያል» ይላል። ከአምስቱ የደከመው ይህ ነው። መከላከል የሚችለው ተጋጣሚው ከሩቅ ስንት ጊዜ እንደሚወረውር፣ ማን እንደሚወረውርና እጅ ፊቱ ላይ ኖሮ እንደሆነ ነው፤ ኳሱ ከእጅ ከወጣ በኋላ ግን የሚወስነው ወርዋሪውና ዕድል ነው። ቁጥሩን እንየው። በእውነተኛ ችሎታው 36 በመቶ የሚያገባ ቡድን በጨዋታ 35 ጊዜ ቢሞክር በአስር ጨዋታ 350 ሙከራ ይሆናል። በዚህ ብዛት በዕድል ብቻ ወደ ላይም ወደ ታችም 2.6 በመቶ ቢዋዥቅ የተለመደ ነው፤ 38.6ም 33.4ም ሊታይ ይችላል፣ ምንም ሳይቀየር። ይህ በጨዋታ ወደ 2.7 ነጥብ ይመጣል። ወዳጄ የሁለቱን ቡድን መከላከል የለየበት ልዩነት ከዚህ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ዋናው ክርክር ወደሚገኝበት ሴልቲክስና ኒክስ እንግባ። ሁለቱ በ1946 ሊጉ ሲመሠረት ጀምሮ ስማቸውንም ከተማቸውንም ሳይቀይሩ የቆዩ ናቸው። የ2024–25 የመክፈቻ ጨዋታ በጥቅምት 12 ምሽት ነበር፤ ለእኛ ከሌሊቱ 8፡30 ላይ ጀመረ። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የስልኩን ብርሃን ቀንሼ ነው ያየሁት፤ ሲያልቅ የሱብሂ አዛን ሊል ጥቂት ቀርቶታል። ሴልቲክስ 132፣ ኒክስ 109። ሴልቲክስ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ 61 ወርውሮ 29 አገባ፤ 29 በአንድ ጨዋታ የሊጉን ሪከርድ የተስተካከለ ቁጥር ነው። ወዳጄ ጽሑፉን የገነባው በዚህ ጨዋታ ላይ ነው፤ «በመጀመሪያው ምሽት ተቀናቃኙን 23 ነጥብ የበለጠ ቡድን ጥያቄ አያስነሳም» ብሏል።

ያን ሌሊት ያየ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል። ሃያ ዘጠኙ የገባው በመጀመሪያዎቹ 48 ሙከራዎች ነው። ከዚያ ሪከርዱን ለመስበር ሠላሳኛዋን ፍለጋ አስራ ሦስት ጊዜ ወረወሩ፤ አስራ ሦስቱም ሳቱ። እነዚያው ሰዎች፣ በዚያው ቀለበት፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ተጋጣሚው እጁን ሳይዘረጋ። 29 ከ48፣ ቀጥሎ 0 ከ13። የመግባቱ መቶኛ በአንድ ምሽት ውስጥ እንዲህ የሚዘል ከሆነ በአስር ጨዋታ ምን ያህል እንመነው?

በሚያዝያ መጨረሻ በፕሌይኦፉ ሁለተኛ ዙር ሁለቱ ተገናኙ። የመጀመሪያው ጨዋታ ያው ቦስተን፣ ያው ሜዳ። ሴልቲክስ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ 60 ወረወረ። 15 አገባ። አርባ አምስት ሳተ፤ በፕሌይኦፍ ታሪክ ያን ያህል የሳተ ቡድን አልነበረም። 20 ነጥብ መርቶ በጭማሪ ሰዓት 108 ለ 105 ተሸነፈ። ሁለተኛው ጨዋታ ላይም 20 መርቶ 91 ለ 90 ተሸነፈ፤ በሁለቱ ጨዋታ ድምር 100 ወርውሮ 25።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ፦ በጥቅምት 61 ሙከራ፣ በሚያዝያ 60 ሙከራ። በጥቅምት 29 ገባ፣ በሚያዝያ 15። ሙከራው ያው ነው፤ የገባው ግን ግማሽ ሆነ። ሴልቲክስ በዚያ ዓመት በጨዋታ ከ48 በላይ ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ የወረወረ፣ በዚህም በሊጉ ታሪክ ቀዳሚ የሆነ ቡድን ነው። ይህንን የመክፈቻው ሌሊት በትክክል ነግሮናል። ያልነገረን ስንቱ እንደሚገባ ነው። ከወዳጄ የምለየው እዚህ ላይ ነው፦ የመጀመሪያ ሳምንታት ቁጥር አንድ ቡድን ምን እንደሚሞክር ቶሎ ይናገራል፤ ምን ያህል እንደሚሳካለት ግን እስኪናገር ብዙ ጨዋታ ይፈልጋል። የደላንታ ወይም የደሴ ዙሪያ ገበሬ በየካቲት በልጉ ሲያካፋ አይቶ ስንት ኩንታል አገባለሁ ብሎ አይምልም። ማሳውን አይቶ ግን ጎረቤቱ ገብስ ይዝራ ምስር ይነግርሃል። ወዳጄ ገብሱን ትቶ ኩንታሉን ቆጠረ።

«የቴተም ጉዳት» ስላለው። ጄሰን ቴተም የተረከዝ ጅማቱ የተበጠሰው በአራተኛው ጨዋታ መጨረሻ አካባቢ ነው። እስከዚያ ኒክስ 2 ለ 1 ይመራ ነበር፤ ያን አራተኛ ጨዋታም እየመራ ነበር። ሁለቱ የቦስተን ሽንፈቶች ቴተም ሜዳ ላይ እያለ የተመዘገቡ ናቸው። ጉዳቱ ባይደርስ ቦስተን ተመልሶ ሊያሸንፍ አይችልም ነበር አልልም፤ ይችል ነበር። ግን «ስሌቱ ትክክል ነበር፣ ጉዳቱ አበላሸው» የሚለው ከቀኑ ጋር አይገጥምም።

ለመሆኑ በጥቅምት የተሸነፈው ኒክስ የትኛው ኒክስ ነው? ካርል አንተኒ ታውንስ ከሚኒሶታ የመጣው ውድድሩ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ሚካል ብሪጅስም የዚያው ክረምት ፈራሚ ነው። መሀል ላይ ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ) የሚጠርገው ሚቸል ሮቢንሰን በቁርጭምጭሚት ጉዳት እስከ የካቲት መጨረሻ አልተጫወተም፤ በሚያዝያ ቦስተንን ካስቸገሩት አንዱ እርሱ ነበር። በሴልቲክስም በኩል ክሪስታፕስ ፖርዚንጊስ እስከ ኅዳር አጋማሽ አልነበረም። ወዳጄ ያወዳደረው ሁለት ማልያ እንጂ ሁለት ቡድን አይደለም።

የእርስ በርስ ውጤትን በተመለከተ ደግሞ መረጃው ለእርሱ የሚመች ስለሚመስል ሙሉውን ላስቀምጥለት። በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር አራት ጊዜ ተገናኙ፣ አራቱንም ሴልቲክስ አሸነፈ፦ 132 ለ 109፣ 131 ለ 104፣ 118 ለ 105፣ በመጨረሻም 119 ለ 117 በጭማሪ ሰዓት። ልዩነቱን አንብቡት፤ 23፣ 27፣ 13፣ 2። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ ሰው ገደል አየ። አራቱንም የያዘ ሰው ገደሉ ሲጠብ አየ። አራቱንም ያሸነፈው ቡድን በመጨረሻ 4 ለ 2 ወጣ፣ ስድስተኛውን ጨዋታ 119 ለ 81 ተሸንፎ። እውነቱን ለመናገር ከመጋቢቱ መጨረሻ ጨዋታ በኋላ እኔም ለሴልቲክስ ነበር የምገምተው። ስለዚህ ነው የእርስ በርስ ውጤትን በዝቅተኛ ሚዛን የማየው፤ አራት ጨዋታ አራት ጨዋታ ነው።

«በጠባብ ልዩነት የሚያሸንፍ ቡድን ወኔ አለው።» ወኔ ለሽለላ ይሆናል። በአንድና በሁለት ነጥብ የሚያልቅ ጨዋታ ለሳንቲሙ የቀረበ ነው። ጥሩ ቡድን የሚታወቀው በሰፊው በማሸነፉ ነው፤ ለዚህ የነጥብ ልዩነት ከድል ብዛት ይሻላል። በአማካይ 115 አስቆጥሮ 112 የሚገባበት ቡድን፣ ሁለቱን ቁጥሮች ወደ 14ኛ ኃይል አድርሰን የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር ስናካፍል፣ 59 በመቶ ማሸነፍ አለበት፤ በዓመት 48 ወይም 49 ድል። ለቡና ወሬ ደግሞ እንዲህ ብሎ መያዝ ይበቃል፦ ከ41 ተነስ፣ ለእያንዳንዷ የነጥብ ልዩነት ሁለት ተኩል ድል ጨምር። 3 ነጥብ የሚበልጥ ቡድን ከአስር አራት ብቻ ቢያሸንፍ እኔ አልደናገጥም። በአማካይ 1 ነጥብ እየተበለጠ ሰባት ያሸነፈውን ግን አላምነውም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ወዳጄ ትክክል የሆነበትም አለ፤ እርሱ ግን በአንድ መስመር አለፈው። ኳስ አለማበላሸት፣ ራስ የሳቱትን ኳስ መልሶ መያዝ፣ ወደ ነጻ ውርወራ መስመር መድረስ፣ እነዚህ ከመግባት መቶኛ ይልቅ ቶሎ ይረጋሉ፤ የልማድና የአሰላለፍ ጉዳይ ስለሆኑ። የ2024–25ቱ ሻምፒዮን ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ከመጀመሪያ ሳምንታት አንስቶ ተጋጣሚን ኳስ በማስጣል ይታወቅ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አልቀየረም፤ 68 አሸንፎ በጨዋታ በአማካይ 12.9 ነጥብ እየበለጠ ጨረሰ፣ ያም የሊጉ ሪከርድ ነው። ጥቅምት እውነት የተናገረበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ወዳጄ ይህንን ማሳያ ቢያደርግ ኖሮ ምላሼ በጣም ያጥር ነበር።

ጽሑፉ መጨረሻ ላይ «ከሃያኛው ጨዋታ በኋላ ክፍል ሁለት ይቀጥላል» ይላል። አብሽር፣ ይቀጥል። ከመቀጠሉ በፊት ግን ሰንጠረዡ ላይ አራት ዓምድ ይጨመርልኝ፦ የሦስት ነጥብ ሙከራ ብዛት (የገባው ሳይሆን)፣ ቤትና ውጭ የተጫወተው፣ የነጥብ ልዩነት፣ እና በእያንዳንዱ ምሽት ያልተሰለፈ ዋና ተጫዋች። ለመጨረሻው ያ የድሮ ደብተር ይበቃል፤ «ነፋስ» ይጽፍበት በነበረው ቦታ «ሮቢንሰን የለም» ብሎ መጻፍ ነው። ጸጉር አስተካካዩ ልጅ ቲኬቱን ተበልቷል፤ ጽሑፉ ግን አሁንም መስታወቱ ሥር ተደግፏል፣ ክፍል ሁለትን እየጠበቀ።